ሮም ያላለችው

«ካቶሊክ ግብረ ሰዶምን ፈቀደች» የሚለው አነጋገር ዛሬ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በፎገራ ማስረጃ የማይጠየቅበት ዕውቀት ሆኗል። ፊዱቺያ ሱፕሊካንስ የተባለው የቫቲካን ሰነድ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ወጣ፤ ሰነዱን ያነበበ ሰው ሳይገኝ ወሬው በቴሌግራምና በቲክቶክ ጉናን ተሻገረ፤ «ጳጳሱ ወንድን ከወንድ አጋቡ» ተባለ፤ ክርክሩም ሳይከፈት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የሮም ስም በተነሣ ቁጥር ይኸው ይጠቀሳል። የሚቃወም ቀርቶ «እስኪ የቱ ቦታ ላይ ነው ያለችው?» ብሎ የሚጠይቅ እንኳ ብርቅ ነው።

አነጋገሩ ስሕተት ነው። ደግሞም የአንድ ዜና መጋነን ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላው የከበደ ግምት አለበት። የካቶሊክ ትምህርት በዚህ ጉዳይ የቆመው በመጸየፍ ላይ ነው፤ ፈረንጅ መጸየፉን ሲተው ትምህርቱም አብሮ ይፈርሳል የሚል ግምት። የሮም ትምህርት መሠረቱ ሌላ ነው። መሠረቱን ያየ ሰው ትምህርቱ በ2016 እንዳልተነቀነቀ ይረዳል፤ «ድሮ እንኳ በዚህ ከእኛ ጋር ነበረች» የሚለው የደብረ ታቦር ሰው ከድሮዋም ሮም ጋር እንዳልነበረ ይረዳል።

ወሬው ለምን በቶሎ እንደ ተያዘ ለመገመት አያስቸግርም። ደቡብ ጎንደር በ1999ኙ ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተቆጠረበት ዞን ነው፤ ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆነው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። ካቶሊክ እዚህ በጎረቤትነት አይታወቅም፤ የሚታወቀው በታሪክ ነው፣ ያውም በባላጋራነት። የባሕር ዳርና ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት እንኳ የተቋቋመው ገና በ2007 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ግን አራት መቶ ዓመት ይሞላዋል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 (እ.ኤ.አ.) በኢየሱሳዊው በፔድሮ ፓኤዝ እጅ ንስሓ ገብተው ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1626 በፓትርያርኩ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መታዘዛቸውን በይፋ ማሉ፤ ሜንዴዝም ጥምቀቱ ይደገም፣ ቅዳሜ ይሻር፣ ሥርዓቱ ወደ ላቲን ይዙር አለ። መጨረሻው የ1632ቱ የወይና ደጋ እልቂትና የፋሲል መንገሥ ሆነ። ከዚያ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ አባ ማስያስ የተባሉትን ጣልያናዊ የካቶሊክ ካፑቺን ሚስዮናዊ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከሸዋ አስጠርተው ከአገር እንዲወጡ የፈረዱባቸው እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ነው፤ በ1879 (እ.ኤ.አ.)። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው አገር ስለ ሮም ክፉ ነገር ሲሰማ ምስክር ቁጠር ባይል አይፈረድበትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ክርክሩ ስለ ሁለት ባሕርይና ስለ ቅዳሜ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ጋብቻም ነበር። ሱስንዮስ ለፓኤዝ ሲናዘዙ የተጠየቁት ከባዱ ነገር የመጀመሪያ ሚስታቸውን ብቻ ይዘው ሌሎቹን ማሰናበት ነበር። ለብዙ ሚስት ባለቤት ለሆኑ መኳንንት ይህ ደስ የሚያሰኝ ዜና አልነበረም። ሮም ያኔ የተጣላችው ከደገኛው አልጋ ጋር ነው፤ ዛሬም ነገሩን ከሥሩ የሚመረምር ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ጠብ ነው።

በዚህ አገር ልማድ ሙግት ሥርዓት ነበረው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ የጸጋ ልጅ ባዮችና ካራዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲከራከሩ እያንዳንዱ ወገን አቋሙን በራሱ አፍ ተናግሯል። ፍርዱ ምላስ እስከ ማስቆረጥ የደረሰ ጨካኝ ነበር፤ ቢሆንም ተረቺው ያላለውን ብሏል ተብሎ አልተረታም። ቤተ ልሔም ድጓ፣ ዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት፣ አለቃ ገብረ ሐናን ያበቀለ አገር የባላጋራውን ቃል በትክክል መጥቀስ ያቅተዋል ማለት ይከብዳል። በዚህ ጉዳይ ግን አቅቶታል።

እንግዲህ ሰነዱ ምን ይላል? ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ያለ፣ የማይፈታ፣ በባሕርዩ ለመውለድ የተከፈተ ኅብረት ነው የሚለውን ትምህርት እንዳለ ይደግማል። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ማንኛውንም የቡራኬ ሥርዓተ ጸሎት ማዘጋጀትን ይከለክላል። በማዘጋጃ ቤት ውል ከሚፈጸምበት ዝግጅት ጋር እንዳይገናኝ፣ ሠርግ የሚመስል ልብስም ሆነ አኳኋን እንዳይኖርበት ያዝዛል። የፈቀደው አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ወደ ካህን ቀርበው እግዚአብሔር እንዲረዳቸው ቢለምኑ ካህኑ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ሥርዓት አጭር ጸሎት ሊያደርስላቸው ይችላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጫጫታው ሲበዛ፣ ሰነዱን ያዘጋጀው የቫቲካን መሥሪያ ቤት ባወጣው ማብራሪያ የጸሎቱን ርዝመት ሳይቀር ገመተው፦ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ። ግንኙነታቸውን ማጽደቅ እንዳልሆነም ተናገረ።

ይህ ጥበብ ነው ወይስ ማምታታት? እዚህ ላይ ሮምን መተቸት ለሚፈልግ በቂ ቦታ አለ። ካርዲናል ቪክቶር ማኑኤል ፈርናንዴዝ ያዘጋጁትና ፖፕ ፍራንሲስ ያጸደቁት ይህ ሰነድ ጥንድን ሳይሆን ጥንድ ሆነው የመጡትን ሰዎች መባረክ የሚል ቀጭን መስመር አሰመረ፤ በቀጭን መስመር ላይ መሄድ ደግሞ ለምእመን አይመችም። ያው መሥሪያ ቤት ገና በ2021 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያለውን ኅብረት መባረክ አይቻልም ብሎ መልስ ሰጥቶ ነበር። በመካከሉ የጀርመን ጳጳሳትና ምእመናን ጉባኤ በመጋቢት 2023 (እ.ኤ.አ.) ቡራኬውን በድምፅ ብልጫ ደግፏል። ሮም ከዚያ ግፊት ለማምለጥ በጣም ብልህ የሆነ መንገድ ፈለገች፤ ብልጠቱ ለጠላትም ለወዳጅም ሳይገባ ቀረ። ይህ ሁሉ የአስተዳደር ስሕተት ሊባል ይችላል። «ፈቀደች» ለማለት ግን ከሰነዱ ውስጥ አንድ መስመር መምዘዝ ያስፈልጋል፤ መስመሩ የለም።

አሁን ወደ መሠረቱ። ብዙ ሰው ትምህርቱ በዘፍጥረት 19 ላይ፣ በሰዶም እሳት ላይ የቆመ ይመስለዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1992 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ጉዳዩን ከቁጥር 2357 እስከ 2359 በሦስት አጫጭር አንቀጾች ይጨርሰዋል፤ በግርጌ ማስታወሻውም ሰዶምን ከሮሜ፣ ከአንደኛ ቆሮንቶስና ከአንደኛ ጢሞቴዎስ ጋር ይጠቅሳል። እዚህ ሁሉም ሰባኪ የሚመዘው የዘሌዋውያን ሕግ በዚያ ግርጌ አለመኖሩ ያስገርማል። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የያኔው ካርዲናል ራትዚንገር ፈርመው ለጳጳሳት የላኩት ደብዳቤ ዘሌዋውያንንም ያነሣል፤ ግን ከዚያ አይነሣም። የሚነሣው ከፍጥረት ነው፤ እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ በአርአያው ፈጠረ ከሚለው። ሰዶም ቢቀርም ክርክሩ አይወድቅም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ16ኛው ምዕራፍ የሰዶምን ኃጢአት ሲቆጥር ትዕቢትን፣ ጥጋብንና ድኻን አለመርዳትን ማስቀደሙን ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የክርክሩ አካል ያለው በተፈጥሮ ሕግ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ነገር ወደ አንድ ፍጻሜ ያዘነበለ ነው፤ የሩካቤም ፍጻሜ ሁለት ነው፣ ሁለቱን ሰዎች አንድ ማድረግና ዘርን መተካት፤ እነዚህን ሁለቱን ሆን ብሎ መለያየት ሥርዓቱን ማፍረስ ነው ይላል። ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዘመን በዐቢይ ድርሳኑ «ከተፈጥሮ ተቃራኒ» ያላቸውን ሲዘረዝር የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ብቻ አላስቀመጠም። ሰው ከራሱ ጋር የሚፈጽመውን፣ ከእንስሳ ጋር የሚደረገውን፣ ባልና ሚስትም ቢሆኑ ለመውለድ በማይሆን መንገድ የሚገናኙትን በአንድ ዝርዝር አስገባቸው። ይህን ክፍል ከዝሙት ዓይነቶች ሁሉ ከባዱ ብሎ ከአስገድዶ መድፈር በላይ ማስቀመጡ ለዛሬ አንባቢ የሚጎመዝዝ ነው፤ ከካቶሊኮችም ውስጥ ብዙዎችን ያሳፍራል። መመዘኛው ግን ግልጽ ነው። የሚመዘነው ድርጊቱ ነው፤ «እንዲህ ያሉ ሰዎች» የሚባል ወገን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ይህ መመዘኛ የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳዩት ፖፕ ጳውሎስ ስድስተኛ ናቸው። በሐምሌ 1960 ዓ.ም. ባወጡት ሁማኔ ቪቴ በተባለው መልእክት፣ ራሳቸው ያጸኑት የአማካሪዎች ጉባኤ አብዛኛው አባል ተቃራኒውን መክሯቸው ሳለ፣ ማንኛውም ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያ ለባልና ለሚስትም ክልክል ነው አሉ። ምክንያቱ ከላይ ያለው ነው፤ አንድነትንና መውለድን መለያየት አይገባም። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው ክርክርና ክኒኑን የሚከለክለው ክርክር አንድና ያው ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል የሚፈልግ ካቶሊክ በአሜሪካም በአውሮፓም ሞልቷል፤ ሮም ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም፤ አንዱ ከተነቀለ ሌላው እንደማይቆም ታውቃለች።

ወደ ፋርጣ እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአማራ ክልል ካገቡት ሴቶች ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ይጠቀማል። በአገር ደረጃ ቀዳሚው የሦስት ወር መርፌው ነው። ጤና ኬላዋ ደጅ ላይ በገበያ ቀን ወረፋ የያዙት አማኝ፣ ጿሚ፣ ማኅበር ጠጪ ሴቶች ናቸው፤ ባሎቻቸውም ያውቃሉ። እነዚህ ሰዎች ኃጢአት እየሠሩ ነው የሚል ሰው በደብረ ታቦር ገበያ ቢነሣ ሰሚ አያገኝም። በሮም መመዘኛ ግን ያ መርፌ «ከተፈጥሮ ተቃራኒ» ከተባለው ጎራ ነው። ስለዚህ ሚስቱ በየሦስት ወሩ መርፌዋን የምትወስድለት ሰው «ካቶሊክ ድሮ በዚህ ነገር ልክ ነበረች» ሲል የሚያመሰግነው ክርክሩን አይደለም። ክርክሩ ቢነገረው በመጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።

ተቃዋሚው ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መውለድ መመዘኛ ከሆነ መካኖችስ? ያረጁትስ? ሣራ፣ ኤልሳቤጥ፣ በሰማንያ ዓመቱ ተክሊል የደፋው ሽማግሌ? የካቶሊክ መምህራን የሚመልሱት የድርጊቱ ዓይነት ለመውለድ የተሠራ ነው፣ ፍሬው በዕድሜ ወይም በሕመም ቢቀር ዓይነቱ አይለወጥም ብለው ነው። ክርክሩ የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው። ወር ቆጥሮ ከመፅነስ መሸሽን ፈቅዶ ክኒኑን መከልከል፣ መካኑን አጋብቶ ሌላውን ማገድ፣ ሁሉም «ዓይነት» በሚባል ጽንሰ ሐሳብ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጽንሰ ሐሳቡም ከአርስቶትል የተወረሰ እንጂ ከወንጌል የተቀዳ አይደለም። ሮምን በእውነት መርታት የሚፈልግ የጎንደር ሊቅ መምታት ያለበት ይህን መጋጠሚያ ነው። ያላለችውን ብላለች ከማለት ይህ ይሻለዋል፤ ምናልባትም ይረታል።

የትምህርቱ ሁለተኛ እግር ዝንባሌንና ድርጊትን መለየቱ ነው። ዝንባሌው ሥርዓት የጎደለው ነው ትላለች፤ ኃጢአት ነው ግን አትልም። ሰዎቹን በአክብሮት፣ በርኅራኄና በጥንቃቄ መቀበል እንደሚገባና ፍትሕ የጎደለውን አድልዎ ሁሉ ማስወገድ እንደሚያሻ የሚናገረው ቁጥር 2358 ነው፤ በንጽሕና ኑሩ የሚለው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ይህ ልዩነት ለደቡብ ጎንደር ሰው ባዕድ አይደለም። መጽሐፈ መነኮሳትን የተማረ ሁሉ የሚመጣ ሐሳብና የተቀበሉት ሐሳብ ለየቅል መሆናቸውን፣ ጦርነቱ ሳይመጣ ተጋድሎ እንደማይኖር ያውቃል። ይህን ለመነኩሴው የሚፈቅድ አገር ለሌላው ሲሆን ዝንባሌውንም ሰውየውንም ድርጊቱንም በአንድ ስድብ ይጠቀልላል።

አንዳንዱ «ይህ ነገር በአገራችን አልነበረም፣ ባህላችን አይቀበለውም» ብሎ ይቋጫል። ከካቶሊክ ወገንም እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቷል፤ የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች ኅብረት በጥር 2016 ዓ.ም. በካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ ፊርማ ባወጣው መግለጫ ቡራኬው በአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት እንደማይሰጥ ሲያስታውቅ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጎን የአፍሪካን ባህል ጠቅሷል። ውሳኔው በፖፕ ፍራንሲስ ስምምነት የወጣ ነው፤ «ሮም ፈቀደች» የሚሉት ሰዎች ይህንንም አይጠቅሱም። ባህልን መሠረት ማድረጉ ግን አደገኛ ነው። ያው የጳጳሳት ኅብረት ከብዙ ሚስት ማግባት ጋር ሲታገል የኖረ ነው፤ ባህል እዚያ ላይ የሚከሰስ ሆኖ እዚህ ላይ እንዴት ምስክር ይሆናል?

የበጌምድር ባህል ራሱ ምን ይመስል ነበር? የቁርባን ጋብቻ ለካህናትና ለጥቂቶች፣ ሰማንያ ለአብዛኛው፣ የደሞዝ ጋብቻ ደግሞ ለነጋዴና ለወታደር፤ ይኸኛው ለጊዜው፣ በክፍያ፣ በውል የሚኖሩበት ነበር። መፋታት ቀላል ነበር፤ በዕድሜው አራትና አምስት ጊዜ ማግባት ማንንም አያስደነግጥም። የሮም ትምህርት በዚህ ባህል ላይ ቢጫን ከሰማንያው ብዙ አይተርፍም። «አልነበረም» የሚለውም ቢሆን እንደሚነገረው ጥርት ያለ አይደለም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ለፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ደገኛው አማራ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ወንድ ሆነው ተወልደው በአኗኗራቸው ከሴቶች ወገን የሚውሉ ሰዎችን መዝግቧል፤ ሕዝቡም እንደ ተፈጥሮ ጉድለት አይቶ ይተዋቸው እንደነበር። ወንዳገረድ የሚለውን ቃል አያቶች ሁሉ ያውቁታል። እነዚያ ሰዎች ዛሬ ከሚባሉት ጋር አንድ ናቸው ማለት አይደለም። የጥንቱ ደገኛ ግን ከዛሬው ይልቅ ለሮም «ዝንባሌና ድርጊት» አነጋገር ሳይቀርብ አይቀርም።

ከሁሉ የባሰው መደባለቅ ኃጢአትንና ወንጀልን አንድ ማድረግ ነው። በ2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ደንበኞቹን ላሊበላን ሊያስጎበኝ መሆኑ ሲሰማ የተነሣው ቁጣ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጸጥታ ኃይሎች በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ የከፈቱት ዘመቻ፣ ሁለቱም «ሃይማኖታችን» በሚል ቃል ታጅበዋል። ሕጉ አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እሥራት ያስቀጣል፤ ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600 የተወረሰ ነው። ያን ሕግ ያረቀቀው የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነው፤ የራሱ አገር ስዊዘርላንድ ከ1942 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዋቂዎች በፈቃዳቸው በሚያደርጉት ላይ ቅጣቱን አንሥታ ነበር። ስለዚህ «ክልከላውን ቅኝ ገዢ አመጣብን» የሚለው የውጭ አገር ክርክር ኢትዮጵያ ላይ አይሠራም፤ ክልከላው ከካቶሊክ ተወሰደ የሚለውም እንዲሁ።

የሮምን ታሪክ ማለስለስም አይገባም። ጴጥሮስ ዳምያኒ በ11ኛው መቶ ዘመን በዚህ ኃጢአት የወደቁ ካህናት ከማዕርጋቸው እንዲሻሩ ለሊዮ ዘጠነኛ ሲጽፍ፣ ፖፑ እንደ ጠያቂው አልከረሩም፤ ለብዙዎቹ ንስሓን መረጡ። ፖፕ ፒዮስ አምስተኛ ግን በ1568 (እ.ኤ.አ.) ጥፋተኛ ካህናትን ከክህነት አውጥተው ለዓለማዊው ፍርድ አሳልፈው እንዲሰጡ ደነገጉ፤ ያ ፍርድ ሞት ማለት ነበር። ይህ በቤተ ክርስቲያኒቱ ላይ የሚቆይ ዕዳ ነው። ነገር ግን የሕጉን መንገድ የሚቃወመው ክርክርም ከዚያው ከአኲናስ ይወጣል፤ የሰው ሕግ መጥፎ ነገርን ሁሉ መከልከል የለበትም፣ በተለይ ሌላውን የሚጎዳውን እንደ ግድያና ስርቆት ያለውን ይከልክል ብሏል። በእንግሊዝ የዌስትሚንስተሩ ካርዲናል በርናርድ ግሪፊን ያቋቋሙት ኮሚቴ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሕጉን ለሚመረምረው የመንግሥት የዎልፈንደን ኮሚቴ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አዋቂዎች በስምምነት በግላቸው የሚያደርጉት ኃጢአት ቢሆንም ወንጀል መሆኑ ይቅር አለ። የእንግሊዝ ፓርላማ ይህን ለመቀበል 11 ዓመት ፈጀበት። ፖፕ ፍራንሲስ በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ለአሶሼትድ ፕሬስ በሰጡት ቃለ ምልልስ ወንጀል አይደለም ብለው ሲናገሩ፣ ኃጢአትነቱን ለይተው ነበር። ደብረ ታቦር የደረሰው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የግብፅ ቅብጥ ኦርቶዶክስ ሲኖዶስ ከካቶሊክ ጋር የነበረውን የነገረ መለኮት ውይይት አገደ፤ ከእስክንድርያ የመጣ ቃል እዚህ የቱን ያህል ክብደት እንዳለው ለደቡብ ጎንደር ሰው መንገር አያሻም። «እስክንድርያ እንኳ አውግዛለች» ይባላል። ሲኖዶሱ ያገደው ውይይቱን ነው፤ የሚቃወመውን ሰነድ አንብቦ፣ በራሱ ስብሰባ፣ በጽሑፍ። ይህ ቢያንስ የሙግት ሥርዓት ነው።

ሮም ያለችውንና እዚህ የተባለውን ለመለየት ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ታኅሣሥ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የቫቲካን መልእክተኛ ተነሥቶ፣ ፈረንሳይ ያቀረበችውን መግለጫ በአነጋገሩ ምክንያት ባይደግፍም፣ ቤተ ክርስቲያኑ በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚደርሰውን ፍትሕ የጎደለው አድልዎ እንደምትቃወም ገልጾ፣ መንግሥታት በወንጀል የሚያስቀጡባቸውን ሕጎች እንዲያነሡ ጠየቀ። ሳምንት ሳይሞላ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ የሃይማኖት መሪዎች፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም በአንድነት፣ ግብረ ሰዶም በሕገ መንግሥቱ እንዲታገድ የሚጠይቅ የአቋም መግለጫ አወጡ። ከካቶሊኮቹ መካከል በኒው ዮርክ የተነገረውን ያነሣ ስለ መኖሩ የተሰማ ነገር የለም። አንቀጽ 629ም ያኔ እንደ ነበረ ዛሬም አለ።